ለአንድ እጅ የሚሆን ዘንግ

ባለቤቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ከቤት እንውጣ ያለኝ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለመግዛት ነው። “ያለኝ” ስል ቃሉ ሞልቶ ወጥቶለት አይደለም። በግራ እጁ በመስኮቱ በኩል ወደ ሐይቁ አመለከተና “ዘ... ዘንግ” አለ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተኛ ነበር።

ከመታመሙ በፊት አውቶቡስ ነጂ ነበር። መስመሩ የሚያልቀው እኛው ሰፈር፣ ከተማው ዳር ያለችው ሄሰልቢ ነው። በእረፍቱ ወደ ብሪጋው፣ ሐይቁ ላይ ወደተዘረጋው የእንጨት መድረክ ይወርድና ጫፉ ላይ ቆመው ዓሣ የሚያጠምዱትን ሲያይ ይቆያል። “ጡረታ ስወጣ እዚህ ነው የምታገኚኝ” ይለኝ ነበር። ቤትም ሲገባ በስልኩ የሚያየው ያንኑ ነው፤ አሸዋ ላይ ቆመው በረጅም ዘንግ ከማዕበሉ ማዶ የሚወረውሩ ሰዎችን። እኔ ግን ዓሣ ሲሸተኝ ራሴን ያመኛል።

ሱቁ መሀል ከተማ፣ ሶደርማልም ነበር። በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ሄድን። ደረጃው ላይ ክርኑን ልይዘው ስል እጄን አራገፈው።

ሻጩ ትሁት ሰው ነው። ግን ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ “ምን ዓይነት ነው የሚፈልገው?” አለኝ።

“እሱን ጠይቀው” አልኩት።

ጎንበስ አለና ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ “የት ነው የምታጠምደው?” አለ። ባለቤቴ እግሩን እየጎተተ ወደ ግድግዳው ሄደና ከሁሉም የረዘመውን ዘንግ ጨበጠ። የቁመቱን እጥፍ ይሆናል።

ሻጩ ወደ እኔ ጠጋ አለ። “እሱ ለባሕር ጠረፍ ነው፤ በሁለት እጅ ነው የሚወረወረው። ለእሱ የሚሆነው ይሄ ነው” ብሎ አንድ አጭር ዘንግ አወረደ። ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር ክዳን አለው፣ ከኋላው ደግሞ ቁልፍ። ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭነው ይወረውራሉ፣ ሲወረወር ይለቁታል። ከዚያ ዘንጉን በደከመው ክንድ ብብት ሥር ሸጉጦ በደህናው እጅ መጠቅለል ነው። “ብዙውን ጊዜ የምንሸጠው ለልጆች ነው፤ ግን ጥሩ ነው” አለኝ።

ባለቤቴ ሰምቶታል። “እኔ... ል... ልጅ...” አለና ቃሉ ጠፋበት። ረጅሙን ዘንግ ግን አልለቀቀም።

ሥራዬ ሄምሸንስት ነው፤ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞርኩ አለብሳለሁ፣ አጥባለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አውቃለሁ። ያም ሆኖ እዚያ ሰው ፊት “አትችለውም” ልለው አቃተኝ። “ረጅሙን እንወስዳለን” አልኩ።

በማግስቱ ብሪጋው ላይ ወጣን። ዘንጉን በግራ እጁ አነሳ፣ ቀኙን ደግሞ እንደ ዕቃ አንስቶ ከታች በኩል ደገፈው። አንዴ ወደ ኋላ አወዛወዘና ሲወረውር ቀኝ እጁ ሾለከ። የዘንጉ ክብደት ይዞት ወደ ጠርዙ ሄደ። ጃኬቱን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩት፤ ሁለታችንም ጣውላው ላይ ወደቅን። ዘንጉ ውሃ ውስጥ ገባ። አጠገባችን የነበረ ሰው በራሱ መንጠቆ ጎትቶ አወጣልን። እኔ አመሰገንኩት፣ ባለቤቴ ቀና ብሎም አላየው።

ቤት ገብተን ጫማውን ሳወልቅለት “ለምን ያዝሽኝ?” አለኝ።

ከታመመ ወዲህ ሳይንተባተብ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅሁትም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሰው ቤት እየሠራሁ ልቤ እኛ ቤት ነበር። እደውላለሁ፣ አያነሳም። በሩን ስከፍት እሱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፣ ምሳው እንዳለ። በመጨረሻ ብቻዬን ሱቁ ሄጄ ያንን አጭሩን ገዛሁና በሩ አጠገብ አቆምኩት። ሲያልፍ ሲያገድም ፊቱን ያዞርበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ዘንጉም የለም። ካፖርቴን ሳልቆልፍ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። እየሮጥኩ “እመብርሃን፣ እመብርሃን” እላለሁ። ከሩቅ ብሪጋው ላይ አየሁት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለሌሎቹ አጥማጆች ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዘንጉን በቀኝ ብብቱ ሸጉጦ፣ በግራ እጁ ይጠቀልላል። የዘንጉ ጫፍ ጎብጧል።

“ነይ... ያዢው!” አለኝ።

አንድ ባለ መስመር ዓሣ ክሩ ላይ ይፈራገጣል።

“እኔ? ሞቼ ነው!”

“እኔ በ... በየትኛው እጄ?” አለና በዓይኑ ቀኙን አሳየኝ። “ያዢው። መንጠቆውን... ወደ ኋላ። ወደ ኋላ! አንቺ ደግሞ...”

የዓሣው ክንፍ ወጋኝ። እየደማሁ፣ እየተሰደብኩ አላቀቅሁት። በአንድ ቀን ይህን ያህል ቃል ከአፉ ከሰማሁ ወራት ሆኖኝ ነበር።

አሁን ብዙ ቀን ይወርዳል። እኔ ደግሞ የሥራ ሰዓቴን አስቀንሼ ከእሱ ጋር እወርዳለሁ፤ መንጠቆ ላላቅቅለት ነው እላለሁ፣ እውነቱ ግን ብቻውን ውሃ ዳር ልተወው አልችልም። ሐኪሙ እጁ ከዚህ በላይ እንደማይመለስ ነግሮናል። ሰሞኑን የሐይቁ ዳር ዳሩ በረዶ እየሆነ መርጋት ጀምሯል። በረዶው ሲዘጋው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ ሲደክመው፣ ሳልጠይቀው ክንዴን ያዘ።