የአክስቴ የስለት ዘቢብ

ገዳም መሳለምንና ወይን መቅመስን በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና አጣምሮ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብላችሁ ድሮ ብትጠይቁኝ «ሥራ ፈጣሪ» እል ነበር። አሁን ሌላ ስም አለኝ። እዚህ ግን የሚጻፍ አይደለም።

ማስታወቂያው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ አንኮበር፤ እዚያ ተራራ ላይ ያለውን የማርያም ገዳም መሳለም፤ ሲመለሱ ገደሉ አፋፍ ላይ በተሠራ ሎጅ ወይን መቅመስ። ከሥሩ «ለነፍስዎም ለጉሮሮዎም» ይላል። ስለ ጉሮሮዬ ግድ አልነበረኝም። እኔን ያስደሰተኝ የገዳሙ ስም ነው፤ አክስቴ የተሳለችው ለዚያ ገዳም ነበርና።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አንኮበር ሥር ተወልዳ፣ በዚያው ገዳም ክርስትና ተነስታ፣ በድርቁ ዘመን ገና ሙሽራ ሳለች ከባሏ ጋር በሰፈራ ወለጋ ወረደች። እዚያ ወለደች፣ ቡና ተከለች፣ ከብት አረባች፣ ባሏን ቀበረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ቤቷ ሲቃጠል ሁለት የልጅ ልጆቿን ይዛ ጫካ ገባች። የትንሹን አፍ በመዳፏ እንዳፈነች፣ «የአገሬ እመቤት፣ እነዚህን ይዤ ከወጣሁ ዘቢብሽን በእጄ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ይዛቸው ወጣች። ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ትኖራለች። እኔ ጋ ነይ ብዬ ብለምናት «የኔ ቢጤው ሁሉ እዚህ ነው» ብላ እንቢ አለችኝ።

ስለቱን ለማድረስ ያልሞከረችበት ጊዜ የለም። መንገዱ ሲከፈት ጉልበቷ ይያዛል፤ ጉልበቷ ሲሻላት መንገዱ ይዘጋል። ዘቢቡን የገዛችው ፈትል ፈትላ ከሸጠችው ነው። ሌላ ሰው ቢገዛው ስለቱ የዚያ ሰው እንጂ የእሷ አይሆንም፤ እኔም ላዋጣ ብዬ ተቆጥታኛለች። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ከአልዩ አምባ የሚመጣ አንድ ነጋዴ አለ፤ ለስለት መሆኑን ስትነግረው፣ «እንዲያ ከሆነ እናቴ ከላዩ አልሰጥሽም፣ ብዙ እጅ ነክቶታል፤ ከሥር ላውጣልሽ። አላህ ይቀበልሽ» አላት። ይህን ነጋዴ አስታውሱልኝ። ቆይቼ ስናደድ ይጠቅመኛል።

የዘቢቡ ነገር እንዲህ ነው። ለቅዳሴ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ለቁርባን ይቀርባል። ስለዚህ አክስቴ ለቅማ፣ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በአዲስ ነጭ ጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣው ነበር። ከልጆቹ አንዱ እንኳ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። ልጅ ዘቢብ እያየ ምራቁን ውጦ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

የዚያን ቀን ደብረ ብርሃን ላይ መኪናው ቆሞ ሲጭናት፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቋጠሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ እህል ሳትቀምስ ነው የመጣችው። «ሳላስገባ አልቀምስም» አለችኝ። እሷ ካልቀመሰች እኔ ምን ፊት አለኝና ልበላ፤ ሳምቡሳዬን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

አስጎብኚው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙ የተስተካከለ፣ በአንድ ጆሮው ማዳመጫ የሰካ ሰው ነው። «እንኳን ደህና መጡ እማማ! ይሄን ከኋላ ላስቀምጥልዎት፣ እንዲመችዎት» ብሎ ቋጠሮውን ከእጇ ወሰደ።

«አደራ ልጄ፣ የማርያም ነው» አለችው።

«አይዞዎት፣ አይዞዎት» አለ። የሰካውን እንኳ አላወለቀም። ወስዶ ከቁርሳ ቁርሱ ካርቶን ጎን አስቀመጠው። እኔ ዘቢቡ ከእሷ ጭን በቀር የትም መቀመጥ የለበትም ብዬ አፌን ከመክፈቴ መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ አክስቴም «ተይው፣ ልጁ አደራዬን ተቀብሏል» አለችኝ። በእሷ ዘመን አደራ የተባለ ሰው ማዳመጫ አይሰካም ነበር።

ወደ አንኮበር ስንቃረብ ጭጋግ ወረደ። አስጎብኚው ማይኩን ያዘና፣ «ቤተሰብ፣ በዚህ ጭጋግ ገዳሙ ፎቶ አይወጣም። ወይኑን እናስቀድም፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ወደ ገዳሙ። የምትስማሙ እጅ አውጡ!» አለ። እኔና አክስቴ ስንቀር መኪናው ሙሉ እጅ ሆነ።

«ጠጥቶ ገዳም የሚሄድ ማነው?» አልኩት ተነስቼ። «ደግሞ ስለት የያዘች፣ እህል ያልቀመሰች ሰው አለች።»

«እህቴ፣ ገዳሙ የትም አይሄድም» አለኝ እየሳቀ። የሰው ሳቅ እንደዚያን ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ሎጁ ደርሰን ሌሎቹ ገቡ። አክስቴ ግን መጠጥ ቤት ደጅ አልረግጥም ብላ ከገደሉ አፋፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። በመስኮቱ የሚሆነውን እንሰማለን። ወይኑ ከስምጥ ሸለቆ ተጭኖ የመጣ ነው፤ በዚያ ብርድ ከገብስና ከበግ ሌላ ምን ይበቅላል? አስጎብኚው ግን አንኮበር ወይን ጠምቃ የምትኖር ይመስል፣ «አዙሩት፣ አሽትቱት፣ የእንጆሪ ሽታ ይሰማችኋል?» ይላል። አንዱ፣ «እኔን የሚሸተኝ ያንተ ሽቶ ነው» አለው፤ ሣቅ ሆነ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ላይ እኔም ሣቅሁ።

ጭጋጉ ቀስ እያለ ተገለጠ። አክስቴ እጇን ዘርግታ ማዶ ያለውን ተራራ አሳየችኝ፤ ዛፎቹ መሃል ቆርቆሮው ያበራል። «ክርስትና የተነሳሁባት ያቻት። ከመንገድ ወዲያ ያለው ደግሞ የአባቴ ማሳ ነበር» አለች። ፊቷ ላይ ወለጋን ከለቀቀች ወዲህ ያላየሁት ነገር አየሁ። አሁን እንሂድ ልንላቸው ተነስተን ወደ ሎጁ አመራን፤ እኔ ዘለቅሁ። እሷ ከበሩ ቆመች።

ጠረጴዛው መሃል ትልቅ የእንጨት ገበታ አለ። አይብ፣ የተቆረጠ ዳቦ፣ ኦቾሎኒ። መሃሉ ላይ ደግሞ የዘቢብ ክምር፤ ግማሹ አልቋል። ነጩ ጨርቅ ከጠርሙሱ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ቀይ ወይን ጠጥቷል። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ዘቢብ በአይብ ጠቅልላ አፏ ልታስገባ ነው።

አክስቴ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞራ «ይሄ የኔ አይደለም?» አለች፤ እንዳልሆነ ብነግራት የምታምነኝ ይመስል።

ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም። ገበታውን እንደገፋሁና አንድ ብርጭቆ እንደወደቀ አስታውሳለሁ። «የሰው ስለት! የቁርባን ዘቢብ! በአይብ!» እያልኩ እጮኻለሁ። አስጎብኚው እጁን አነሳ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ካርቶኑ አጠገብ ስለነበር የኛ መስሎኝ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ስንመለስ ከሱፐርማርኬት የታሸገ፣ የውጭ አገር ዘቢብ እገዛላቸዋለሁ» አለ። የአልዩ አምባው ነጋዴ፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው፣ ብዙ እጅ የነካውን አልሰጥም አለ። ይህኛው፣ በአንገቱ ማተብ፣ በመኪናው መስታወት ላይ የማርያም ሥዕል ያለው፣ ፈትቶ ገበታ ላይ ዘረገፈው።

ከዚያ የሆነው ይባስ አናደደኝ። ባለ ባርኔጣዋ «ስለት ነው የበላሁት?» ብላ ምላሷን በሶፍት መጥረግ ጀመረች። አንዱ ጎልማሳ «እኔ ሦስት ፍሬ ብቻ ነው፣ ሳላውቅ ደግሞ አይቆጠርም» እያለ ለራሱ ይማልዳል። ሌላዋ ዘንድሮ ልጇ ፈተና እንዳለበት ታወራለች። ሁሉም የደነገጡት ለራሳቸው ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አክስቴን ዓይኗን አይቶ «አዝናለሁ» ያላት አንድ አልነበረም።

አክስቴ አልረግጥም ያለችውን ደጅ ተሻግራ ገባች፣ ጨርቁን ከጠርሙሱ ሥር አነሳች፣ አራገፈችው። «ቤቴን ሲበሉ ዝም አልኩ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ከብቴን ሲበሉ ዝም አልኩ። የኔን ነው የበሉት። ይሄ ግን የኔ አልነበረም።»

የተረፈውን ሰብስበን እንውሰድ ብላት ራሷን ነቀነቀች። ከመጠጥ ጋር የዋለ ለመቅደስ አይሆንም። «እንሂድ» አለች ብቻ። አሁን ማንም ጭጋግ፣ ማንም ፎቶ አላለም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ መኪናው ውስጥ ለመግባት ተጋፉ።

ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ያለው ዳገት ከባድ ነው፤ አክስቴ ግን ባዶ ሆዷን፣ በታመመ ጉልበቷ፣ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። ከቅጥሩ በር አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠዋል። ከኋላዋ ሌሎቹ ሲደርሱ መነኩሴው አፍንጫቸውን ወደ ጎን አዞሩ።

«ጠጥታችኋል» አሉ። ቁጣ የለባቸውም። «ከዚሁ ከደጅ ሆናችሁ ተሳለሙ።»

አስጎብኚው «አባ፣ እኛ እኮ ጎብኚዎች ነን፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ነው የመጣነው» ሲል፣ «እሱም ቢሆን ከደጅ ይበቃል» አሉት። በዚያች ሰዓት እግራቸው ሥር ወድቄ ጫማቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ከተጓዦቹ ሳንጠጣ የመጣነው እኔና አክስቴ ብቻ ነበርን፤ ገባን። ቤተ ክርስቲያኑን ዞረን ተሳለምን። ስለት የሚቀበሉት አባት ከዕቃ ቤቱ ደጅ አገኙን። ጃንጥላና ጧፍ ይዘው የመጡ ሌሎች ምእመናን ከፊታችን ተሰልፈው እልል እያሉ እያስረከቡ ነው። ተራዋ ሲደርስ አክስቴ ባዶውን ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«ዘቢብ አምጥቼ ነበር አባቴ» አለች። «መንገድ ላይ ተበላ።»

አባ ጨርቁን አዩ፣ ቀዩን ነጠብጣብ አዩ። ማን በላው ብለው አልጠየቁም። «ተይ አትዘኚ ልጄ፣ እመቤታችን ልብሽን ታውቃለች። እንዳስገባሽ ቁጠሪው።»

«እሷማ ታውቃለች» አለች አክስቴ። «ያላስገባሁት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ወለጋን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ቤቷን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እዚያ ጋ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ደግሞ በእንባ ፈንታ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አባ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ከዕቃ ቤቱ ከቅዳሴ የተረፈ የተባረከ ዳቦ አምጥተው ጨርቁ ውስጥ ቋጠሩላትና፣ «ስለቱ ይቆይሽ። ጾምሽን ግን በዚህ ፍቺ፣ ይህ ትእዛዝ ነው» አሏት። ትእዛዝ ነውና ትንሽ ቆርሳ ቀመሰች።

መኪናው ውስጥ ሁሉም ዓይኑን ቋጠሮው ላይ ጥሏል። በረከት ለብቻ አይበላም፤ ይህን ልማድ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ልማዱን ጠላሁት። አክስቴ ከወንበሯ ተነስታ፣ መደገፊያ እየያዘች፣ ለእያንዳንዱ መቁረስ ጀመረች። ባለ ባርኔጣዋ ባርኔጣዋን አውልቃ ተቀበለች። «እትዬ፣ ለእነዚህ ትሰጫለሽ?» አልኳት ጮክ ብዬ፣ እንዲሰሙ። እሷ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

አስጎብኚው ጋ ስትደርስ ቆመች። እሱ ማዳመጫውን አውልቆ አቀርቅሯል። ቆርሳ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ይሄ የተሰጠህ ነው» አለችው። «ብላ።»

ዳቦውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ፤ መብላቱን አላየሁም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ከኋላ፣ ገንዘብ አዋጥተን ዘቢብ እንግዛላቸው የሚል ሐሳብ አመጣ። አክስቴ ሳትዞር፣ «ያንን እናንተ አስገቡት። የበላችሁት የእናንተ ዕዳ ነው፤ የተሳልኩት የእኔ ነው» አለች። 

ጨርቁን አራግፋ፣ አጥፋ፣ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ከነጠላዋ ጫፍ ጥጥና እንዝርት አወጣች። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ክሩ በየጥምዝማዙ ይበጠሳል፤ እሷ ትቀጥለዋለች። ላግዝሽ ብላት የማልችለው ነገር ነው። ስንት ጊዜ ነው ይህች ሴት ከመጀመሪያው የምትጀምረው? እያልኩ በንዴት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ደብረ ብርሃን ደርሰን ከመጠለያው በር ስንቆም፣ ሁለቱ ልጆች ሮጠው መጡና ትንሹ «እማዬ፣ አስገባሽልን?» አላት።

«ገና ነው» አለችው፣ እንዝርቷን ይዛ እየወረደች።