የእድሩ ዳኛ

ሥነ ዜጋ ያስተማረን ሰው ባደግኩበት ነፋስ ስልክ ጎረቤታችን ነበር። ፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ። ክፍል ውስጥ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው ቀርቷል፤ ከሕግ በላይ ማንም የለም» ይለን ነበር። አንዱን ነገርማ ቆመን በአንድ ድምፅ አስደጋግሞናል፦ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም። እኔ ሞኟ እንደ ዳዊት ሸመደድኩት፤ አመንኩትም።

ጡረታ ሲወጣ ሰፈሩ የእድር ዳኛ አድርጎ መረጠው። እናቴም መርጣዋለች። ባለፈው ክረምት ታዲያ የቆርቆሮ አጥሩን ነቅሎ ወደ እናቴ መግቢያ ገፋው። በምርኩዝ የምትሄደው እናቴ በጎኗ ካልሆነ ማለፍ አቃታት። እኔ ፍርድ ቤት እንሂድ ስል፣ እሷ እድር እያለ ጎረቤት መክሰስ ነውር ነው ስላለች ነገሩ ለእሁድ ስብሰባ ቀረበ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰበሰብን። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተደላደለ፣ «እንግዲህ በእኔ ላይ የቀረበውን አቤቱታ እንይ» አለ። ደሜ ፈላ።

«ቲቸር፣ ለዛሬ እንኳ ከወንበሩ ይነሡ። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ እሱ ለፈተና ነው። በቃ በድምፅ እንወስን፤ ዴሞክራሲ አይደል? አጥሩ ባለበት ይቆይ የምትሉ እጅ አውጡ።»

ዓይኑን በእያንዳንዱ ሰው ላይ አዞረ። ትናንት አጥሩን እያዩ «ኧረ ጉድ ነው!» ሲሉ የነበሩት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ፈሪዎች! የተረፈ ሰው ካለ ብዬ ዞር ስል፣ እናቴ በግራዋ ምርኩዟን ይዛ ቀኝ እጇን አውጥታለች።

መንገድ ላይ አላስቻለኝም። «እማዬ፣ ለማን ብዬ ነው የተዋረድኩት?»

«አንቺማ ተናግረሽ ለቡ ወዳለው ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ ቀና ሳትል። «እኔ ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ፣ አስከሬኔን የሚያነሣው እድሩ ነው። ከዳኛው ተጣልቼ ማን ይቅበረኝ?»

እኔ እቀብርሻለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን አንድ ሰው ብቻውን ሰው ሲቀብር አይቼ አላውቅም። ከቲቸር ይልቅ እሷን ተቀየምኳት፤ እስካሁንም አልወጣልኝም።