የእጅ ውሃ በአክስቱ ቤት

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊያገባኝ የነበረው ሰው ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ያለው አክስቱ ቤት ወሰደኝ። ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሷ አይታ ካልወደደችኝ ሽማግሌ አይላክም። ያኔ ፊት ለፊቷ አንቱ ብያታለሁ፤ አሁን ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም። ሐምሌ ገብርኤል ነበርና ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል።

ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው። የራሴን በልጅነቴ ነፋስ ስልክ መንገድ ዳር የጭነት መኪና ወሰደው። ሰው የሚደክመኝ እግሬን ይመስለዋል፤ የሚደክመኝ ግን ጭንቅላቴን ነው። ያ እግር የረገጠውን አያውቅም። ምንጣፍ ይሁን ሲሚንቶ፣ ያንሸራትት አያንሸራትት፣ የማስብለት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስሄድ እሄዳለሁ፣ ሳወራ ቆሜ አወራለሁ። ሁለቱን ካደባለቅሁ አንዱ ይበላሻል፤ ዕቃ ከያዝኩማ አለቀልኝ። ይህን ከእናቴ ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። አብረን ስንሄድ መንገዱ ሲበላሽ ወሬውን ያቆምልኛል። የወደድኩትም በዚሁ ነው።

ምሳ ተበላ። የቤቱ ልጃገረድ ጆግና ማስታጠቢያ ይዛ ስትነሳ አክስቱ "ለሷ ስጫት" አለች። እንግዳ እጅ ሲያስታጥብ አይቼ አላውቅም። ልጅቷም ግራ እንደገባት ሰጠችኝና ተቀመጠች።

ጆጉን በቀኝ፣ ማስታጠቢያውን በግራ ያዝኩ፤ ፎጣው ትከሻዬ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ማፍሰስ፣ ቀና ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው መራመድ። የዶሮ ወጥ ቅባትና የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አንዱ ሽማግሌ ተጉመጥምጠው የተፉት ጭምር፣ ማስታጠቢያው ውስጥ ይዋኛል። ትንሽ ባዘነበልኩ ቁጥር አውራ ጣቴን ይነካል።

"እናትሽ ደህና ናቸው?" አለችኝ አክስቱ።

ቆምኩና "ደህና ናት፣ እትዬ" አልኩ።

"አትቁሚ የኔ ልጅ፤ እየሠራሽ አጫውቺን እንጂ። ሥራ የት ነው የያዝሽው?"

ልብስ ስፌት እንደምሠራ እየተራመድኩ ነገርኳት። ወዲያው ስለ ቤተ ክርስቲያን ጠየቀችኝ፣ ስለ ወንድሞቼ ጠየቀችኝ፣ ዶሮ መገነጣጠል እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ፊቴን ትቶ የቀሚሴን ጫፍ ያያል። ያስቁማት ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ። እሱም እግሬን እያየ ነበር።

ጀርባዬ በላብ ራሰ፤ ግን ጠብታ አላፈሰስኩም። የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

"ይኸው ትችላለች" አለች አክስቱ ጭኗን መታ አድርጋ። "አንተ እየሄደች ካወራች ይምታታባታል ብለህ ነገርከኝ እንጂ፣ ይህቺ ልጅ አዝላም ወጥ ታማስላለች።"

ሳቀ። በሬው ተጠምዶ ሲያርስ እንደታየለት ገበሬ ደስ ብሎት፣ ቅባት የጠጣ እጁን እንዳስታጥበው ዘረጋልኝ። ያ እጅ ስንት ጊዜ መንገድ አሻግሮኛል፤ ያን ቀን ግን ከማስታጠቢያው እድፍ ይልቅ እሱ አስጠየፈኝ።

ጆጉንና ማስታጠቢያውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። ፎጣውን ጉልበቱ ላይ ጣልኩለት። ወደ በሩ እየሄድኩ፣ ሳልቆም፣ "ሽማግሌ እንዳትልክ" አልኩት።

የበሩ ደፍ ላይ ተደናቀፍኩ። አልወደቅሁም።