መርዶ የመሰለው ካሴት

የዚያን ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ አባቴ፣ እኔ፣ አንዷን ክፍላችንን ተከራይቶ የሚኖረው ወጣት መምህር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችንና እሷ አስከትላ ያመጣቻቸው የሰፈር ሴቶች ነን። ያልነበረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ነገሩ ሁሉ የሆነውም እሱ ስላልነበረ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነው። ከንፋስ መውጫ ገበያ ስመለስ ነጂው አንድ የፈረንጅ ዘፈን ከፍቶ ነበር። የሙዚቃ መሣሪያው ክር እንደ ለቅሶ ሲሳብ ሰማሁና ወደ ነጂው ጠጋ አልኩ።

"ይኼ ምንድን ነው ልጄ?" አልኩት።

"ካንትሪ ይሉታል እናቴ፤ የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ነው። ልቀንሰው?"

ስሙን ያወቅኩት ገና ያን ጊዜ ነው። ከቤቴ ሳልደርስ ወረድኩ።

ያኔ በልጅነቴ፣ ወንድሜ ወታደር ቤት ከገባ ቆይቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ በመንገደኛ ሰላምታ ይልክ ነበር፤ በኋላ ወሬው ጠፋ። እናቴ ስለ እሱ አታወራም። ግን ውሻ ሲጮህ የያዘችውን ትታ ታዳምጣለች። እኔም ልጅ ብሆንም ፊቷን እያየሁ መፍራት ለምጄ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ፣ ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ይገባበታል። ስለዚህ እናቴ ጠዋትን ትፈራ ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል ትከሻዋ ይለቃል፤ "ዛሬም አለፈ" ትላለች፣ ለራሷ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ጉም ወርዶ አጥሩ እንኳ አይታይም። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የበረት ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ትምህርት ስለሌለ መምህሩ ከክፍሉ ኋላ ልብሱን ያጥባል። ቴፑን አዲስ ባትሪ ድንጋይ አጉርሶ መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል። ካሴቱን የሰጠው ከተማ ያለ ጓደኛው ነው። እኛ በግድግዳው በኩል ትንሽ ትንሽ ሰምተነው እናውቃለን፤ ሰፈሩ ግን አያውቀውም።

ያ ዘፈን ከመሰንቆም ከክራርም የማይገጥም አንድ ክር አለው። ይሳባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ሲቃ እንደያዘው ሰው ቁርጥ ይላል። ጉሙ የዘፋኙን ድምፅ ውጦ ያን ክር ብቻ ወደ ጎረቤታችን አደረሰው። እናቴ የምታለቅስ መሰላት። ልጇ ሞቶ መርዶ ሲነገራት እኔ የቅርቧ ሰው ሳልጠራ ቀረሁ ብላ አፈረች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ ሴቶቹን ጠራርታ መጣች።

እናቴ ወደ በረቱ ልትሄድ ስትወጣ ሴቶቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲሉ አየቻቸው። በዚያ ሰዓት። ነጠላቸው ሁሉ የተዘቀዘቀ።

"ልጄን ምን አደረጋችሁት?" አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

"ወይኔ እህቴን! ብቻሽን አስለቀሱሽ?" ጎረቤታችን ደረቷን መታች። "እኛን ማን ከለከለን?"

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ ከበረቱ ወጥቶ ሴቶቹን አየ። የታቀፈውን ድርቆሽ ጣለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ወንድሜ በቃ ሞተ አልኩ በልቤ። ያ ፍርሃት ዛሬም ሆዴ ውስጥ የት ቦታ እንደተቀመጠ ላሳያችሁ እችላለሁ።

ሴቶቹ ወየው ማለት ሲጀምሩ ከመስኮቱ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ካሴቱ አለቀ። የሚያለቅሰውም ክር አብሮ ዝም አለ። መምህሩ እጁ እስከ ክንዱ አረፋ እንደሆነ ከቤቱ ኋላ ወጣ።

"ደህና አደራችሁ? ምነው፣ ማን ሞተ?"

"አንተ ቤት ውስጥ የሚያለቅሰው ማነው?" አለች ጎረቤታችን፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

"እሱማ ዘፈን ነው።"

"ይኼ ዘፈን ነው? የማን አገር ሠርግ ነው በዚህ የሚጨፈርበት?"

አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። አባቴ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ድርቆሹን መልቀም ጀመረ። እናቴም አልተነሣችም።

"ምልኪ ነው" አለች። "መርዶ በር ድረስ መጥቶ ባዶውን አይመለስም።"

"ተይ አንቺ ሰው! ክፉው በዘፈን ወጣልሽ በይ" አለች ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን ፈጥና እያቃናች።

እናቴ ግን ልስማው አለች። ምን እንደሚል ሳታውቅ ውላ ማደር አልቻለችም። መምህሩ ቴፑን ወደ ደጃፉ አውጥቶ ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀመረው፤ ሴቶቹም መደቡ ላይ ተደረደሩ። አንዱ ዘፈን እንደ ፈረስ ሶምሶማ ይሄዳል፤ እሱን ወደድኩት። አንዱ ላይ ዘፋኙ ዜማውን ትቶ ዝም ብሎ ያወራል። "ደከመው መሰል" አለች ጎረቤታችን። ሌላው ዘፋኝ ውሻው ሞቶበት ነው ሲላት መምህሩ፣ "ለውሻ እንዲህ ከሆነ፣ በሬ ቢሞትበት ምን ሊሆን ነው?" ብላ ሴቶቹን በሳቅ ጨረሰቻቸው። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ያ ክር በተሳበ ቁጥር ዓይኔ ወደ እናቴ ይሄዳል።

የመጨረሻው በጣም ቀስ ያለ ነበር። መምህሩ ፈራ ተባ እያለ ተረጎመው። "ከቤት ወጥቶ የቆየ ልጅ ነው። እናቱን፣ እየመጣሁ ነውና በሩን አትዝጊብኝ ይላታል።"

"ታዲያ ደረሰ?" አለች እናቴ።

"ዘፈኑ የሚያልቀው ገና መንገድ ላይ እያለ ነው እማማ።"

"አንተ ተምረሃል። ምን ይመስልሃል?"

መምህሩ አረፋ የደረቀበትን እጁን አየ። "የሚደርስ ይመስለኛል" አለ።

ወንድሜ ደረሰ። እያነከሰ፣ በጠራራ ፀሐይ መጣ። መምህሩ ግን ያን ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ፣ ካሴቱንም ይዞ ሄዶ ስለነበር የምሥራቹን አልሰማም። እናቴ ልጇን አቅፋ ከተቀበለችው በኋላ እንኳ ጠዋት በር ሲንኳኳ ቶሎ አትከፍትም ነበር። በስንጥቁ አጮልቃ መጀመሪያ የመጣውን ሰው ነጠላ ታያለች። አሁን እሷ የለችም። ማጮለቁ ለእኔ ቀርቷል።

ልጄ ወገዳ ከተማ ውስጥ በጤና ሥራ ላይ ነች። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ስልኩም ከጠፋ ሰነበተ። መጨረሻ ስትደውል "እማዬ፣ ከጠፋሁ ኔትወርክ ነው በይ፤ ሌላ አታስቢ" ብላኛለች። ኔትወርክ ነው እላለሁ። ጎህ ሲቀድ ግን በሩ ስንጥቅ ላይ እገኛለሁ።

ከወገዳ የምትመጡ ሰዎች፣ አይታችኋት ከሆነ ንገሩኝ። ቀጭን ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ደህና ከሆነች ግን እባካችሁ በጠዋት አትምጡ። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ፣ ነጠላችሁን አቃንታችሁ ኑ።