አያ ዘውዱ የስፖንጅ ጥይት የተኮሱ ዕለት

ደብረ ታቦር ውስጥ ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አያ ዘውዱ ቤት ነበር። ከጉና ግርጌ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ አሉ። አያ ዘውዱ መሣሪያውን ተቀብለው ይፈቱታል፣ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙረው ውስጡን ያያሉ፣ ከዚያ በደረታቸው ተኝተው በኖራ ምልክት የተደረገበት ድንጋይ ላይ አምስት ጊዜ ይተኩሳሉ። ጥይት ከተወደደ ወዲህ ደግሞ መተኮሱ ቀርቶ በማየትና በመዳሰስ ብቻ ይፈርዱ ነበር። ሲጨርሱ የሚናገሩት ከሁለት ቃል አንዱን ነው፤ «ይታመናል» ወይም «አይታመንም»። ፍርዱን ሳይሰጡ የባለጉዳዩን ጠላ እንኳ አይቀምሱም። አንድ ጊዜ የገዛ ሚስታቸው ወንድም ለሠርጉ ሊታጠቀው ያመጣውን ጠመንጃ፣ ድግሱ ደርሶ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ «አይታመንም» ብለው ሙሽራውን ባዶ ትከሻውን ሰደዱት። ዘመዱ ሁሉ ዓመት ሙሉ አኮረፋቸው። እሳቸው ምን ገዷቸው!

ልጃቸው ብዙነሽ ግን ይኸው ፍርድ አንድ ቀን ወደ እሷ ሱቅ ይመጣል ብላ አላሰበችም። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የደብተርና የመጫወቻ ሱቅ ከፍታለች። በ2008 ዓ.ም. ለገና ብላ ያላትን ሁሉ አራግፋ ከመርካቶ ሃያ አራት የልጆች ጠመንጃ አመጣች። ተራ ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ ረጅም፣ ከላይ መነጽር የተገጠመለት፣ ከፊት ሁለት እግር የሚዘረጋ፣ ስናይፐር የሚሉት ዓይነት ነው። ጥይቱ ጣት የሚያህል ስፖንጅ ነው። በሳምንት ያልቃል ብላ ነበር። ምን ያደርጋል፣ አገሩ ደብረ ታቦር ነው! የገባው ሁሉ ያነሣና ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ ለመሆኑ ይመታል ወይ ይላታል። ለአምስት ዓመት ሕፃን ስጦታ የሚገዛ ሰው እኮ ነው! እሷም አታውቅ፣ እነሱም አይገዙ። ገና ሳምንት ሲቀረው የተሸጠው አንድ ብቻ ነበር። ገና ካለፈ ደግሞ ማን ዞሮ ያየዋል፤ ሱቁ መዘጋቱ ነው።

በመጨረሻ አፉ የማያርፈው እህል ነጋዴው ሙላቴ፣ አያ ዘውዱ አይተው ይታመናል ካሉ ለልጆቹ አራት እንደሚገዛ ሰው በተሰበሰበበት ተናገረ። በቀልድ ነው የጀመረው። የሰሙት ግን የምራቸውን እኛም እንገዛለን አሉና ለቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ ተቀጣጠሩ።

ብዙነሽ ዐርብ ዕለት አባቷ ዘንድ ሄዳ ነገሩን ሁሉ አስረዳቻቸው።

«አባዬ፣ እንዲያው ለዚች ቀን ብቻ ደግ ደጉን ይናገሩልኝ» አለች።

«ያየሁትን ነው የምናገር» አሏት። እሷም ሱቁን በገዛ እጇ የዘጋችው መስሏት ተመለሰች።

ቅዳሜ የሱቁ ጓሮ በሰው ጢም አለ። አያ ዘውዱ ጋቢያቸውን አነጠፉ። ወይ ጉድ፣ እንደ መጫወቻ አላዩትም! ካዝናውን አውጥተው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ፤ አፈሙዙን ከሰው መልሰው ወደ ግንቡ አዞሩ፤ መቀባበያውን ሰባት ስምንት ጊዜ ስበው ድምፁን አደመጡና የውስጡ ሞላ ደህና ነው አሉ። መነጽሩን ግን ገና ዳሰስ ሲያደርጉት፣ ይኸስ ጌጥ ነው ብለው ሰውን አሳቁት። ከዚያ አንዷን ጥይት የገዛ መዳፋቸው ላይ ተኮሱ። ቆዳ አይጎዳም፣ ዓይን ግን ይጎዳል፣ ለልጆቹ አስቀድሞ ይነገራቸው አሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ለስፖንጅ ጥይት እንዲህ ሲጠነቀቁ ያየ ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ብዙነሽም በዚያ ሁሉ ፍርሃቷ መካከል ኮራችባቸው።

በአሥር እርምጃ ላይ፣ ከግንቡ ሥር ከተቀመጠ ድንጋይ ላይ፣ የቲማቲም ጣሳ ተደረገላቸው። በደረታቸው ተኝተው ትንፋሻቸውን ያዙና ተኮሱ። ሳቱ። ደገሙ፤ ሳቱ። ስድስቱም ጥይት ከጣሳው ክንድ ያህል እየራቀ ግንቡን መታ። ሁለት እርምጃ ተጠግተው ሞከሩ፤ ያው ነው። አያ ዘውዱ ሳቱ ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እንዴት ተብሎ ይታሰባል! ሙላቴ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ብሎ ሊሄድ ተነሣ፤ የቀሩትም ተከትለውት ተነሡ። ብዙነሽ ጠመንጃዎቹን ወደ ካርቶናቸው ትመልስ ጀመር።

አያ ዘውዱ ግን አልተነሡም። እንደተኙ ብዙነሽን ጠርተው በእሳቸው ቦታ እንድትተኛ አዘዟት። የዕድሜዋን ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። ሰደፉን እንዴት እንደምታስደግፍ፣ ቃታውን እንዴት ቀስ ብላ እንደምትስብ አሳዩዋት። ከአሥር እርምጃ ሦስት ተኩሳ ጣሳውን ሁለት ጊዜ ጣለችው። ሙላቴንም መልሰው ጠሩት፤ እሱ ሦስቱንም መታ። አንዱ ሽማግሌ ለእሳቸው ማምለጫ ሊያበጅላቸው፣ የእነሱ መምታት የዕድል ነገር ነው ብሎ አጉተመተመ። እውነትም «አይታመንም» ብለው ቢሄዱ ማንም አይጠረጥራቸውም ነበር።

ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉ።

«ጠመንጃው ይታመናል» አሉ። «እስከ አሥር እርምጃ ደህና አርጎ ይመታል። የማይታመነው የኔ ዓይን ነው።»

ሙላቴ ሊያጽናናቸው ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት።

«ስሙኝ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ይታመናል ያልኋችሁን መሣሪያ ሁሉ ለሌላ ሰው አሳዩ። አፈሙዙ ሲጨልምብኝ ደመና ነው እል ነበር። ደመና አልነበረም። እዚህ ለሌሉትም ንገሩልኝ።»

ያን ያህል ዓመት የተከበሩበትን ነገር በአንድ ቃል አስረከቡት። ሙላቴ አንገቱን ደፍቶ አራቱን ገዛ፤ የቀሩትም ጠመንጃዎች እዚያው ጓሮ ውስጥ ተሸጠው አለቁ። ሱቁ ዳነ። ብዙነሽ ግን እየሸጠች ዕንባዋ ይወርዳል። ምናለ ጠመንጃውን ባሙት፣ ምናለ ሱቁ ተዘግቶ በቀረ ትላለች በልቧ።

ሰው ሲበተን አያ ዘውዱ ወደ መንገዱ ከሚያወርደው ከጓሮው ደረጃ ራስ ላይ ቆመው ጠበቋት። በዕድሜያቸው ማንንም ደግፈኝ ብለው አያውቁም።

«ነይ ልጄ፣ እጄን ያዥኝ» አሏት። «ደረጃው አይታየኝም።»

ያዘቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ መንገዱ አወረደቻቸው።