ድምፄን ኮልፋክስ ላይ ሰማሁት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ... ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ስሠራ ከስቴፕልተን ሰፈር አንድ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ነጭ ጫንኩ። ወደ ካፒቶል ሂል ነው የሚሄደው። ገና ቀበቶውን ሳያስር ገመድ ጠየቀኝና ስልኩን ከመኪናዬ ስፒከር ጋር አገናኘው።

ጊታሩ ሲጮህ መሪ ልለቅ ነበር! እሱ ሳያንስ ላዩ ላይ ራፕ ተደረበበት።

«ሁለት ሬዲዮ ባንዴ ነው እንዴ የከፈትከው?» አልኩት።

ሳቀ። «ማሻፕ ነው ወንድሜ። የድሮ ሮክ ላይ የራፐሮችን ድምፅ እየለጠፉ ነው የሚሠሩት። ሙሉ አልበም ነው፣ የሠራችውም የዚሁ የዴንቨር ልጅ ናት። ቆይ፣ ሦስተኛው ላይ ያለውን ሰውዬ ስማው!»

ሦስተኛው ጀመረ። ከበሮ... ጊታር... ራፐሩ ይለፈልፋል... ድንገት ሁሉም ቀጥ አለና አንድ ሰው በአማርኛ ጮኸ።

«እንዴ! ስልክ አታነሺም እንዴ?!»

ጎበዝ... ድምፁ የኔ ነው!

እንዴት እንዳልተጋጨሁ እግዜር ይወቅ። ጢማሙ ደግሞ ጭንቅላቱን እየናጠ «ኢንዴ! ኢንዴ!» ይልልኛል።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ልጄ ቤዛ ነርሲንጉን አቋርጣ «ሙዚቃ ነው የምሠራው» ያለችኝ ቀን፣ «እንግዲያው ከቤቴ ውጪ» አልኳት። እልኸኛ ናት፣ በማን ወጥታ! ከአውሮራው ቤታችን ከወጣች ስምንት ወሯ። ትንሽ እንደቆየ ሆዴ ባባና መደወል ጀመርኩ። አታነሳም። ቮይስ ሜሏ ላይ መልእክት እተዋለሁ፤ ይቅርታ ማለት ስላልተፈጠረልኝ ግን የምተወው ቁጣ ብቻ ነው። ሳትሰማ ታጠፋዋለች ብዬ ተስፋ ቆርጬ፣ ባለፈው ወር መደወሉንም ተውኩት። ልጄን አጣኋት ብዬ ነበር።

ለካ አንዱንም አላጠፋችም! የኮልፋክስን ጎዳና ሙሉ የወራት ቁጣዬ በጊታር ታጅቦ ወረደብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያምሻል?» ከበሮ። «ምን ጎደለብሽ?» ከበሮ። ራፐሩ መሃል እየገባ እንደ ሽማግሌ ይመልስልኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ... ምቱን ግን አልሳትኩም፣ አልዋሽም።

ከዚያ ሙዚቃው ዝቅ አለ። አሁንም የኔ ድምፅ ነው፣ ግን ከሩቅ። አንድ ቀን ተቆጥቼ ስጨርስ ስልኩን የዘጋሁት መስሎኝ ኪሴ ከትቼው ኖሯል። ከባለቤቴ ጋር ሳወራ ለካ እየቀዳኝ ነው!

«ፀዳለ... ይቺ ልጅ እኮ ናፈቀችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። እንዳትነግሪያት ብቻ!»

ጊታሩም ራፐሩም ጸጥ አሉ። የመጣችው ራሷ ቤዛ ናት፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«አባዬ... እኔም ናፈቅኩህ።»

እንግሊዝኛውን እንዳለ ገልብጣው እኮ ነው! «ናፍቀኸኛል» ልትል ፈልጋ ነው። «ናፈቅኩህ» ካለች ግን ናፋቂው እኔ፣ ተናፋቂዋ እሷ ሆነች። ያም ቢሆን ውሸት የለበትም።

«ምንድን ነው የሚባባሉት?» አለኝ ጢማሙ።

«ሰውዬው ልጁን እየተቆጣ ነው» አልኩት። ድምፄ ግን ከዳኝ። ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ... ስፒከሩን አየ... እንደገና እኔን አየ።

ካፒቶል ሂል አወረድኩትና ዳር ይዤ ደወልኩ። አነሳችው! ስንት ነገር ላወራ አስቤ፣ ከአፌ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ናፍቀኸኛል ነው የሚባለው» አልኳት።

አፍንጫዋን እየሳበች፣ «ናፍቀኸኛል» አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እስቲ ፍረዱኝ... ከልጁ ስምንት ወር ተኳርፎ፣ ሲታረቅ የመጀመሪያ ቃሉ እርማት የሆነ አባት ከኔ ሌላ አለ?