በሃያ አንድ

ዶክተሩ «በሃያ አንድ መጥተሽ ደም ትሰጫለሽ» ሲለኝ ደስ አለኝ። ሃያ አንድ ማርያም ናት። እናቴ ስለቷን የምታስገባው በማርያም ስለሆነ ቀኑን ሐኪሙ ሳይሆን እሷ የመረጠችልኝ መሰለኝ። ምንም አልጠየቅኩም። እኔ እንደሆንኩ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባኝ» የምል ችኩል ነኝ።

እንቁላል የሚያበስለውን ክኒን ስወስድ ሦስተኛው ወር ነበር፤ የመጨረሻውም። ይህ ካልሠራ ሶዶ ውስጥ የሚደረግልኝ ነገር የለም፣ አዲስ አበባ ነው የምላከው ተብያለሁ። ባለቤቴ የሚሠራው ዲምቱ በምትባል ሌላ ከተማ፣ ግብርና ቢሮ ነው። እንቁላሉ ይወጣል ለተባለባቸው ቀናት ብሎ ፈቃድ ወስዶ መጣ።

የማርያም ዕለት ደም ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ፤ ሞልቶ ያደረ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁ። ባለቤቴ «አረፍ በይ እንጂ» ባለኝ ቁጥር ብሽቅ እላለሁ። ውጤቱ ሳይነገረኝ እንዳይጠጋኝም ነግሬዋለሁ። በሃያ ሦስት ጠዋት ነርሷ ደወለች።

«ሆርሞንሽ ዝቅ ብሏል። እንቁላል አልወጣም» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ባሌ ላይ ዞርኩ። «ምን ትጠብቃለህ? ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«ፈቃዴ መች አለቀ?»

«የምን ፈቃድ?» ብዬ ጮህኩበት። ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ዲምቱ ገብቷል። ሳምንቱን ሙሉ ሲደውል አላነሳሁለትም።

በሠላሳ የአዲስ አበባውን መላኪያ ወረቀት ልቀበል ሄድኩ። ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«የወር አበባሽ መቼ መጣ?»

«በአሥር።»

በጣቱ ቆጠረ። «ደም የሰጠሽው ገና በአሥራ ሁለተኛው ቀንሽ ነው። እኔ ያልኩሽ አበባሽ ከመጣ በሃያ አንደኛው ነው። ሆርሞኑ ከፍ የሚለው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው።»

«የማርያም ዕለት መስሎኝ ነው» አልኩ። አፈርኩ።

«ሃያ አንድሽ ዛሬ ነው» ብሎ እንደገና ደም አስቀዳኝ።

ባሌን ይቅርታ ልጠይቀው ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ወረድኩ፤ ሁለት ጊዜ የዲምቱ ሚኒባስ ሲሞላ እያየሁ ሳልሳፈር ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ አዲሱን ወረቀት ይዞ ፈገግ አለ።

«ከፍ ብሏል። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ እንቁላሉ ወጥቷል።»

ይህን ቃል ለመስማት ነበር ያን ሁሉ ወር የተንቆራጠጥኩት።

«የወጣው ባለፈው ወር ከሃያ አራት እስከ ሃያ ስድስት ባለው መሆን አለበት» አለ። «ባለቤትሽ ያኔ ቤት ነበረ አይደል?»



«አባርሬው ነበር» አልኩት።